በጨው እንፋሎት ለተቃጠለ የሸክላ ዕቃ የውስጥ ቅብ አመራረጥ

የሸክላ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከውጭ አገር የተላከለትን ሣጥን በከፈተ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው የዕቃውን ውጭ ነው። ቀለሙን ይመለከታል፣ ቅርጹን ያመዛዝናል፣ ጆሮውንና አፉን ይዳስሳል፣ በጣቱም አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማሰሮው ለምግብ ወይም ለመጠጥ የሚሆን ከሆነ፣ የገዢውን ጤንነትና የነጋዴውን መልካም ስም የሚወስነው የዕቃው ውጭ ሳይሆን ውስጡ ነው። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው ያገራችን አነጋገር በሌላው ጉዳይ ለጨዋታ ይሆናል፤ ምግብ በሚቀመጥበት ዕቃ ግን ውስጡን አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነጋዴው ራሱ ነው።

ይህም ነገር ይልቁንም በጨው እንፋሎት በሚቃጠለው ሸክላ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የዚህ ዕቃ ውጩና ውስጡ አንድ ዓይነት ቅብ የለበሱ አይደሉምና። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ይህ ሸክላ ምን እንደ ሆነ፣ የውስጥ ቅብ ለምን እንደሚያስፈልገው፣ ጥሩው ከመጥፎው በምን እንደሚለይ፣ ባለሱቁ በራሱ ሊመረምር የሚችለውና ለላቦራቶሪ ብቻ የሚተወው የትኛው እንደ ሆነ በተራ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. በጨው እንፋሎት የተቃጠለ ሸክላ ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ሸክላ ሠሪዎች እጅ የሚሠሩት ጀበና፣ ድስት፣ እንስራና ምጣድ ከጥንት ጀምሮ መስተዋት መሰል ቅብ የሌላቸው ናቸው። አዲስ ዕቃ ተሟሽቶ ለሥራ ይውላል እንጂ በመስተዋት አይለበስም። ስለዚህ የውጭ አገር ሸክላ ሠሪዎች ግሌዝ የሚሉት ነገር በሱቃችን የምናውቀው በስኒው፣ በሳሕኑና በፎሌው ላይ ሆኖ ነው። ግሌዝ ማለት በሸክላው ገጽ ላይ በእሳት ኃይል ቀልጦ የተጣበቀ ስስ መስተዋት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ «ቅብ» እንለዋለን።

በተለመደው አሠራር ሸክላ ሠሪው የማዕድን ዱቄት በውኃ በጥብጦ ዕቃውን ይነክርበታል ወይም ያፈስበታል፤ በእሳትም ጊዜ ዱቄቱ ቀልጦ መስተዋት ይሆናል። በጨው አሠራር ግን ከውጭ ምንም ሳይቀባ ዕቃው እንዲሁ ወደ እቶን ይገባል። የእቶኑ ሙቀት ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ወደ 1,300 ሲቃረብ ተራ የገበታ ጨው በእሳቱ መግቢያ በኩል ይጣላል። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን የተባሉ ሁለት ነገሮች የተዋሐዱበት ነው፤ በዚያ ሙቀት ወዲያው ይተናል፣ ከውኃ እንፋሎት ጋርም ሆኖ ይፈታል። ክሎሪኑ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ሆኖ በጭስ መውጫው ይወጣል። ሶዲየሙ ደግሞ በሸክላው አፈር ውስጥ ካሉት ከሲሊካና ከአሉሚና ጋር ተዋሕዶ በዕቃው ገጽ ላይ ጽኑ መስተዋት ይፈጥራል። የዚህ ቅብ መታወቂያው የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ገጽ ነው።

ጥበቡ የተስፋፋው በራይን ወንዝ አካባቢ ባሉት የጀርመን አገሮች ነው። ዚግቡርግ፣ ፍሬሽን፣ በዛሬይቱ ቤልጅግ የሚገኘው ራረን፣ ከሁሉም ይልቅ ቬስተርቫልድ የተባለው አውራጃ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ናቸው። ቬስተርቫልድ ውስጥ ያለውን የሸክላ ሠሪዎች አገር ጀርመኖች ካነንቤከርላንድ ይሉታል፤ ትርጉሙም «የማሰሮ ጋጋሪዎች አገር» ማለት ነው። አመድማው ገላ በኮባልት ሰማያዊ ያጌጠ የቢራ ዋንጫና ጎመን የሚቀመጥበት ትልቅ ማሰሮ የዚህ አገር ንግድ ምልክት ሆኖ ኖሯል። በእንግሊዝ አገር ጆን ድዋይት የተባለ ሰው በ1672 የዚህን ዓይነት ሸክላ ለመሥራት የንጉሥ ፈቃድ አገኘ፤ በአሜሪካም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ሥራው በሰፊው ተካሄደ። በዘመናችን ከትላልቅ ፋብሪካዎች ይልቅ በአነስተኛ የእጅ ሥራ ቤቶች ይሠራል። ብዙዎቹም የሚወጣውን አሲድ ለመቀነስ ሲሉ በጨው ፈንታ ሶዳ ይጠቀማሉ። ለነጋዴው የሶዳውም ጉዳይ ከጨው የተለየ አይደለም፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለሁለቱም ይሠራል።

2ኛ. እንፋሎቱ ወደ ውስጥ አይገባም

ጨው በእቶን ውስጥ እንደ ጉም የሚንሳፈፍ እንፋሎት ስለሆነ የሚያርፈው በሚያገኘው ገጽ ላይ ብቻ ነው። የማሰሮው አፍ ጠባብ ከሆነ፣ ክዳኑ ተደፍቶ ከተቃጠለ፣ ወይም ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ከተጠጋጉ እንፋሎቱ ወደ ሆዱ አይደርስም። አንዱ ወገን እንደ መስተዋት ሲያበራ ሌላው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ደረቁ ገጽ ራሱ መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን የምግብ ቅባትና ቀለም ይይዛል፣ ለመታጠብ ያስቸግራል፣ የቀድሞውንም ምግብ ሽታ ወደ አዲሱ ያስተላልፋል።

ስለዚህ ሸክላ ሠሪው ዕቃውን ወደ እቶን ከማስገባቱ በፊት ውስጡን በሌላ ቅብ ያለብሰዋል። የውስጥ ቅብ የምንለው ይህንን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ሸክላ ሠሪዎች በኒውዮርክ ግዛት ከኦልባኒ ከተማ አጠገብ የሚቆፈረውን አፈር በውኃ በጥብጠው በማሰሮው ውስጥ ያፈሱ ነበር። ይህ አፈር በተፈጥሮው ብረትና ማቅለጫ ስላለበት በከፍተኛ እሳት ብቻውን ቀልጦ ቡናማ መስተዋት ይሆናል። አሮጌ የአሜሪካ ማሰሮ ውጩ አመድማ፣ ውስጡ ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። የዚህ አፈር ቁፋሮ በ1980ዎቹ ዓመታት ስለ ቆመ የዛሬዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ተመሳሳይ አፈሮችን ይጠቀማሉ፣ ወይም ከማዕድን ዱቄት ራሳቸው ይቀምማሉ።

እንግዲህ የገዢው ምግብ የሚነካው ይህንን የውስጥ ቅብ እንጂ የጨውን ቅብ አይደለም። «ይህ ዕቃ በጨው ብቻ የተቃጠለ ስለሆነ ምንም አያስፈራም» የሚል ሻጭ ቢኖር፣ የተናገረው ስለ ውጩ ነው። ነጋዴው «ውስጡስ በምን ተቀባ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

3ኛ. መጥፎ ቅብ የሚያመጣው ጉዳት

በ1970 የታተመ አንድ የሐኪሞች ጽሑፍ በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ የደረሰውን አሳዛኝ ነገር ገልጿል። አንድ ሕፃን ቅቡ እርሳስ ካለበት የሸክላ ማሰሮ የተቀዳ የፖም ጭማቂ ይጠጣ ነበር። የጭማቂው አሲድ እርሳሱን ከቅቡ ውስጥ እያሟሟ ስላወጣው ሕፃኑ ተመርዞ ሞተ። ማሰሮው በዓይን ሲታይ ነውር አልነበረውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከሸክላ ዕቃ ለሚወጣው እርሳስ ወሰን ያበጀው በተከታዩ ዓመት፣ በ1971 ነው።

ያ ማሰሮ በዝቅተኛ እሳት የተሠራ ሸክላ እንጂ የጨው ሸክላ እንዳልነበረ መናገር ይገባል። እርሳስ በዝቅተኛ ሙቀት ለማቅለጥ ስለሚረዳ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ወገን ነው፤ እስከ 1,300 ዲግሪ ለሚደርሰው የጨው ሸክላ እርሳስ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የምንማረው ስለ እርሳስ ብቻ አይደለም። በሚገባ ያልተቀመመ ወይም በሚገባ ያልቀለጠ ቅብ በውስጡ የያዘውን ነገር ለአሲድ አሳልፎ ይሰጣል። በከፍተኛ እሳት ቅብ ውስጥም ባሪየም፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ክሮሚየምና ሊቲየም ሊገኙ ይችላሉ። እርሳስ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የሚከማች ሲሆን ጉዳት አያመጣም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ይህ ለእኛ ቤት የራቀ ወሬ አይደለም። ሎሚ፣ ጠጅ፣ እርጎ፣ አዋዜ፣ ስናፍጭና የኮመጠጠ የእንጀራ ሊጥ ሁሉም አሲድ ያለባቸው ናቸው። ከዚህም በላይ በዕቃው ውስጥ የሚቆዩት ለሰዓት ሳይሆን ለቀናት ነው፤ አዋዜውና ጠጁ ለሳምንታት ሊቀመጡ ይችላሉ።

4ኛ. የጥሩ የውስጥ ቅብ መለያዎች

ሀ) አቀማመሙ የተመዛዘነ ይሁን። ማንኛውም ቅብ ሦስት ወገን አለው። የመጀመሪያው ሲሊካ ነው፤ መስተዋቱን የሚያስገኘው እርሱ ነው። ሁለተኛው አሉሚና ነው፤ መስተዋቱን ያጸናዋል፣ በእሳት ጊዜም እንዳይፈስ ይይዘዋል። ሦስተኛው ማቅለጫ ነው፤ እነርሱም ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና እነርሱን የመሳሰሉ ናቸው። ማቅለጫው በዝቶ ሲሊካውና አሉሚናው ካነሱ ቅቡ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ያምራልም፤ ግን አሲድ ሲያገኘው ይሸነፋል።

ለምሳሌ በእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በበርናርድ ሊች ስም የሚታወቀውን ቀላል ቅመም እንውሰድ። ከመቶው እጅ 40ው ፌልድስፓር፣ 30ው የኳርትዝ ዱቄት፣ 20ው የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 10ሩ ካኦሊን የተባለው ነጭ አፈር ነው። ስለዚህም አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ እየተባለ ይጠራል። በኬሚስቶች ስሌት ማቅለጫው ሁሉ ተደምሮ አንድ ቢባል፣ አሉሚናው 0.4 ያህል፣ ሲሊካው 3.7 ያህል ይሆናል። በውስጡ እርሳስ፣ ባሪየም ወይም ማቅለሚያ ብረት የለበትም፤ በ1,250 እና በ1,300 ዲግሪ መካከል ቀልጦ ጥርት ያለ ብሩህ ቅብ ይወጣዋል። ነጋዴው ቀማሚ መሆን አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሸክላ ሠሪው የላከለት ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ሲሊካና አሉሚና የሚያሳይ ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ይችላል።

ለ) ማቅለሚያው ጥቂት ይሁን። ለውስጥ ቅብ የሚመረጠው ጥርት ያለ፣ ነጭ፣ ወይም በብረት ብቻ ቡናማ የሆነ ነው። ብረት ለምግብ ዕቃ ከማቅለሚያዎች ሁሉ ያነሰ ሥጋት ያለበት ነው። ደማቅ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የመዳብ ወይም የክሮሚየም ምልክት ነው፤ መዳብ ሲበዛ ደግሞ ቅቡን ያደክመዋል። ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካንና ቢጫ ካድሚየም ሊኖርባቸው ስለሚችል ያለ ምርመራ ለምግብ ዕቃ ውስጥ አይወሰዱም። ጌጡ ከውጭ ይሁን፤ የቬስተርቫልድ ሠሪዎች ሰማያዊውን ኮባልት በማሰሮው ውጭ ማድረጋቸው ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

ሐ) ፈጽሞ የቀለጠ ይሁን። ብሩህና ለስላሳ ገጽ በሚገባ ለመቅለጡ አንድ ምልክት ነው። ደብዛዛ ቅብ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ በሚፈጠሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ምክንያት ይደበዝዛል። ነገር ግን ሌላው የደበዘዘው እሳት ስላነሰው ነው፤ በዓይን ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ደብዛዛው ያለ ላቦራቶሪ ማስረጃ ለምግብ ዕቃ አይታዘዝም።

መ) ከሸክላው ጋር የሚስማማ ይሁን። ማንኛውም ነገር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰበሰባል። ቅቡ ከሸክላው ይልቅ ብዙ የሚሰበሰብ ከሆነ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ ምግብም በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ዕቃውም ይዳከማል። ቅቡ ከሸክላው ይልቅ እጅግ ጥቂት የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ ከአፉና ከጆሮው ጠርዝ ላይ ስለታም ቅርፊት ሆኖ ይላጣል። የመስተዋት ቅርፊት ወደ ምግብ መውደቁ ከስንጥቁ የባሰ ስለሆነ፣ ከአንድ ጭነት አንድ የሚላጥ ዕቃ ከተገኘ ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ይገባል።

5ኛ. ጨው የውስጡን ቅብ ይለውጠዋል

ብዙ ነጋዴ የሚስተው ይህንን ነው። የውስጥ ቅቡ በከረጢት ሳለ ወይም በተራ እቶን በተፈተነ ጊዜ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወደ ጨው እቶን በገባ ጊዜ፣ እንፋሎቱ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ተጨማሪ ሶዲየም ይቀበላል። ሶዲየም ኃይለኛ ማቅለጫ ነው፤ በመቀዝቀዝም ጊዜ ከሌሎቹ ማቅለጫዎች አብልጦ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቅቡ ከታሰበው በላይ ሊፈስ፣ ሊሰነጣጠቅና አሲድን የመቋቋም ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል።

የለውጡ መጠን እንደ ዕቃው ቅርጽ ነው። አፈ ጠባብ ማሰሮ ሆዱ ውስጥ ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከንፈሩ አጠገብ ነው። ሳሕንና ሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ግን ፊታቸው ለእንፋሎቱ የተገለጠ ስለሆነ ቅባቸው በሙሉ ሊለወጥ ይችላል። ደግሞም በእሳቱ መግቢያ አጠገብ የቆመው ዕቃ ከጥግ ከቆመው ይልቅ ብዙ ጨው ያገኛል። በአንድ እቶን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅብ የተሠሩ ሁለት ዕቃዎች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ «ለምግብ የሚስማማ» ተብሎ በቅቡ ከረጢት ላይ የተጻፈው ቃል ስለ ዱቄቱ ይናገራል እንጂ ተቃጥሎ ስለ ወጣው ማሰሮ ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ለፈተና የሚላከው ናሙና ከጨው እቶን የወጣ፣ የሚሸጠውንም ቅርጽ የያዘ፣ ከእቶኑም ልዩ ልዩ ስፍራዎች የተመረጠ መሆን አለበት።

6ኛ. ባለሱቁ ራሱ የሚያደርገው ምርመራ

ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ዕቃ ለይቶ የሚከተሉትን ማድረግ ብዙ ወጪ የለበትም።

1. በብርሃን መመልከት። ዕቃውን ወደ መስኮት አዙሮ ውስጡን ማየት ነው። ቅብ ያልነካው ባዶ ስፍራ፣ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነጥብ፣ ስንጥቅ ወይም ሸካራ ቦታ ካለ ለምግብ አይሆንም።

2. ስንጥቁን በቀለም መግለጥ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በሚታጠብ ቀለም ወይም በወፍራም ቡና ሲታሽና ሲጠረግ መስመሩ ይታያል።

3. የኮምጣጤ ፈተና። በማሰሮው ውስጥ እስከ እኩሌታው ኮምጣጤ አድርጎ ሦስት ቀን ማቆየት፤ ከዚያም አጥቦና አድርቆ ኮምጣጤው የነካውን ካልነካው ጋር ማስተያየት። ቀለሙ ከፈዘዘ ወይም ብሩህነቱ ከጠፋ ያ ዕቃ ከምግብ ዕቃ ተራ ይወጣል። ለሳሕን አንድ ቁራጭ ሎሚ አስቀምጦ ማሳደር ይበቃል።

4. የሙቀትና የቅዝቃዜ ፈተና። አንድ ናሙና በበረዶ ማቀዝቀዣ አሳድሮ ወዲያው የፈላ ውኃ ማፍሰስ ነው። ይህ ዕቃውን ሊሰብረው ስለሚችል ፊትንና እጅን ጠብቆ በማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይደረግ። ቅቡ ከሸክላው ጋር ካልተስማማ ስንጥቁ በዚህ ይገለጣል።

5. የሚጠጣውን ውኃ መመዘን። የደረቀውን ዕቃ መዝኖ ጥቂት ሰዓት በውኃ መቀቀል፣ ከዚያም አሳድሮ ገጹን ብቻ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና መመዘን። አንድ ኪሎግራም የነበረው 1,010 ግራም ከሆነ የጠጣው ከመቶ አንድ ነው። በሚገባ የተቃጠለ ድንጋይ መሰል ሸክላ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚጠጣው ግን እሳት ያነሰው ስለሆነ ቅቡም እንደዚያው ያልበሰለ መሆኑን ያስጠረጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እነዚህ ምርመራዎች መጥፎውን ዕቃ ለመጣል ይረዳሉ እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ አይበቁም። በኮምጣጤ ቀለሙ ያልተለወጠ ቅብ እርሳስ ወይም ባሪየም ሊለቅ ይችላል፤ የሚለቀው ነገር ቀለም የለውምና። የሞንትሪያሉን ማሰሮ ማስታወስ ይበቃል።

7ኛ. የላቦራቶሪው ፈተናና የሕጉ ወሰን

በብዙ አገር የሚሠራበት ፈተና እንዲህ ነው። ከመቶ አራት እጅ አሴቲክ አሲድ ያለበት ውኃ፣ ማለት ደካማ ኮምጣጤ፣ በዕቃው ውስጥ ይሞላል፤ በ22 ዲግሪ ሙቀት 24 ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ውኃው የወጣው እርሳስና ካድሚየም በመሣሪያ ይለካል።

የአውሮፓ ማኅበር በ1984 ያወጣውና በ2005 የተሻሻለው መመሪያ ዕቃዎችን በሦስት ይከፍላል። ፈሳሽ ሊሞላባቸው ለማይችሉ፣ ወይም ጥልቀታቸው ከ25 ሚሊሜትር ለማይበልጥ ዕቃዎች ወሰኑ በአንድ ካሬ ዴሲሜትር 0.8 ሚሊግራም እርሳስና 0.07 ሚሊግራም ካድሚየም ነው። ለሌሎች ፈሳሽ ለሚይዙ ዕቃዎች በሊትር 4.0 ሚሊግራም እርሳስና 0.3 ሚሊግራም ካድሚየም ነው። ለማብሰያ ዕቃና ከሦስት ሊትር በላይ ለሚይዝ ማስቀመጫ ግን በሊትር 1.5 ሚሊግራም እርሳስና 0.1 ሚሊግራም ካድሚየም ነው። የ2005ቱ ማሻሻያ ዕቃው ደንቡን ስለ መጠበቁ የጽሑፍ ማረጋገጫ አብሮት እንዲሄድ አዝዟል።

የአሜሪካው አስተዳደር የእርሳስ ወሰን ከዚህ የጠበቀ ነው። ለስኒ፣ ለዋንጫና ለማንቆርቆሪያ በሊትር 0.5 ሚሊግራም፣ ለትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ 1.0፣ ለትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ 2.0፣ ለሳሕን 3.0 ሚሊግራም ነው። ፈተናውም ከአንዱ ዓይነት ስድስት ዕቃ ተወስዶ ይደረጋል። የምግብ ዕቃ የሚመስል ነገር ግን ለጌጥ ብቻ የሚሸጥ ሸክላ ደግሞ ለምግብ እንደማይሆን የሚገልጽ የማይጠፋ ጽሑፍ እንዲኖርበት፣ ወይም ምግብ እንዳይዝ ገጹ እንዲበሳ ያዛል። የእጅ ሥራ ሸክላ ወደነዚህ አገሮች የሚልኩ ነጋዴዎቻችን ይህን ከመጫናቸው በፊት ማወቅ አለባቸው።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ሁለት ነገር እንገንዘብ። አንደኛ፣ የተወሰኑት እርሳስና ካድሚየም ብቻ ናቸው፤ ቅቡ ባሪየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ብዙ መዳብ ያለበት ከሆነ ላቦራቶሪው እነርሱንም እንዲለካ ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ፈተናው የ24 ሰዓት ነው። በእኛ ቤት ግን አዋዜ ወይም ጠጅ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ከዚያ እጅግ ለሚበልጥ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ወሰኑን ለጥቂት ያለፈ ዕቃ ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ ለአገራችን አጠቃቀም ተመራጭ አይደለም፤ አስመጪው የሚፈልገው ቁጥሩ ከወሰኑ እጅግ ዝቅ ያለውን ነው። በጨው ሸክላ ላይ ይህን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ ቅቡ ሲቀመም እርሳስም ካድሚየምም ካልገባበት መሣሪያው የሚለካው ጥቂት ወይም ምንም ነው።

8ኛ. በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ምን ይጻፍ?

አስመጪው በጨው ወይም በሶዳ እንፋሎት የተቃጠለ የምግብ ዕቃ ሲያዝ እነዚህን ጥያቄዎች በደብዳቤው ውስጥ ቢያኖር፣ መልሱንም ከውሉ ጋር ቢያያይዝ ይጠቀማል።

ሀ) የውስጥ ቅቡ ከምን ከምን ተቀመመ? እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ባሪየም፣ ሊቲየም፣ ማንጋኒዝ ወይም መዳብ አለበትን?

ለ) ዕቃው የተቃጠለው በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው? የውስጥ ቅቡስ በዚያው ሙቀት የሚበስል ነውን?

ሐ) የተፈተነው ናሙና ከጨው እቶን የወጣና የምንገዛው ቅርጽ ነውን? ፈተናው በየትኛው ላቦራቶሪ፣ መቼ ተደረገ?

መ) ቅቡ ወይም የቅቡ ጥሬ ዕቃ ቢለወጥ ሻጩ አስቀድሞ ያስታውቃልን?

ሠ) ጭነቱ በደረሰ ጊዜ ውስጡ የተሰነጣጠቀ ወይም የሚላጥ ዕቃ ቢገኝ የሚመለሰው በማን ወጪ ነው?

ጥሩ ሸክላ ሠሪ እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ስድብ አይቆጥርም፤ መልሱን ያውቀዋልና ደስ እያለው ይሰጣል። «ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ስንሠራ ኖረናል» ብቻ ብሎ የሚመልስ ቢሆን ግን ዕቃውን ለጌጥ መግዛት ይቻላል፤ ለምግብ ግን ገና ማስረጃ ይቀረዋል።

ባለሱቁም በበኩሉ ለጌጥ የመጣውንና ለምግብ የመጣውን በአንድ መደርደሪያ አያደባልቅ። ደንበኛው ሲጠይቅ «ይህ ለአበባ ነው፣ ይህ ለምግብ ነው» ብሎ በግልጥ ይንገር፤ ማስረጃ ያለውንም ለይቶ ይጻፍበት። ከተሸጠ በኋላ ውስጡ የተሰነጣጠቀ ማሰሮ ይዞ የመጣ ደንበኛ ቢኖር መልሶ መቀበል፣ ዕቃውንም ለሌላ አለመሸጥ ይገባል።

የላቦራቶሪ ፈተና ወጪ እንዳለው እናውቃለን፤ ወጪውም በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨመራል። በሌላ በኩል ያለ ፈተና የመጣው ማሰሮ ረክሶ ሊሸጥ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ያ ማሰሮ ወደ አንድ ቤት ገብቶ እናት የልጆቿን እርጎ ታስቀምጥበታለች፤ ውስጡ ምን እንደ ሆነም የማወቂያ መንገድ የላትም። በእርስዋ ፈንታ ሊጠይቅ የሚችለው ዕቃውን ያዘዘው አስመጪና በሱቁ የደረደረው ነጋዴ ነው።